በራችን ላይ ያልተለጠፈው ቀይ ወረቀት

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ቴክሳን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ሰነበትክ ማለት እንኳ ያንሳል፤ እንደምን ከረምክ፣ እንደምን ባጀህ? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? የመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ የጓሮውን ደረጃ ግድግዳ እየተደገፍክ ስትወጣ አይቼህ፣ እንዳታፍር ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር። ያቺ በልጅነትህ በዛጎል መፈልቀቂያ ቢላ ጫፏ የተቆረጠች የግራ እጅህ ጣትስ? እዚህ ሳለህ ብርድ ሲገባ ትቆረጥምህ ነበር፤ እዚያ ሙቀት ነው ይላሉና ትታህ ይሆናል። እትዬ ሊየን እንደምን ናት? ልጆቹስ? በፎቶግራፍ ብቻ የማውቃት ያቺ ፊቷ ድቡልቡል ያለው ትንሿ ልጅህ አሁን ትዳር ይዛ፣ እሷም በተራዋ ወልዳ ይሆናል። ስለ ሁላችሁም ጤና ጠዋት ጠዋት ከአያቶቻችን የመሥዋዕት ጠረጴዛ ፊት ቆሜ እለምናለሁ።

እኛስ ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንዲህ ነውና የሚጀመረው። እማ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ጆሮዋ ከመደንቆሩ በቀር ይሄ ነው የሚባል በሽታ የለባትም። እኔም ወገቤን ከሚቆርጠኝ በስተቀር እሠራለሁ፣ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ነገር ግን እቤታችን የሆነውን ሳልነግርህ ደህና ነን ብልህ መዋሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ታገሠኝና ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ።

ሱቁን ዘግተህ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ወዳለው ከተማ እንደምትዛወር ከጻፍክልን ወዲህ ድምፅህን ሰምተን አናውቅም። ስልክህ ላይ ስደውል ቋንቋውን የማላውቀው ሰው ያነሳዋል፤ እኔ ስምህን እጮኻለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። የላክኋቸው ደብዳቤዎች አልተመለሱም፣ መልስም አልመጣላቸውም። ይሄኛውን የምልከው እዚያ አንተ ባለህበት አገር ወደብ ላይ ባለው የደሴታችን ልጆች ማኅበር በኩል ነው፤ ከእነሱ መካከል ያለህበትን የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ። ከአንተው አገር ከብሩናይ የመጣ አንድ ሰው፣ “ገበያ ውስጥ ዓሣ ሲሸጥ ያየሁት ሰው እሱን ይመስለኛል፣ ከስቷል” አለ። ሌላው ደግሞ እሱ አይደለም አለ። እኔ የማምነው የመጀመሪያውን ነው፤ ክሳትህን ወድጄ ግን አይደለም።

አሁን ወደ መንደራችን ወሬ ልመልስህ። ፓርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ስትሄድ እዚህ የነበረው ወታደርና ቀን እየዘለለ የሚወርድብን መድፍ ነበር። ወታደሮቹ ሲወጡ መንግሥት መጥቶ ኮረብታውም፣ ሐይቁም፣ መንደሩም ከዛሬ ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው ሲል ሽማግሌዎቹ፣ “ለአሳማችን ጋጥ ክዳን ፈቃድ ጠይቁ ልንባል ነው!” ብለው የጮኹትን ያኔ ጽፌልህ ነበር። ጩኸታቸው ልክ ነበር፤ ለጋጡ ክዳንም ፈቃድ ጠይቀናል። ሆኖም የወደቁትን ጣራዎች ያነሳልንም ይኸው ፓርክ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ እኛው ሰፈርተኞቹ የፓርኩ ወዳጆች የሚል የበጎ ፈቃድ ማኅበር አቁመናል። ቅጠል እንጠርጋለን፣ እንግዳ እንመራለን፣ በብርድ ወራት ለሚመጡት ወፎች የሐይቁን ዳር እናጸዳለን። ደመወዝ የለውም፤ አረንጓዴ ሰደርያና ምሳ ነው ትርፉ። እማ ሰደርያውን ያየች ዕለት፣ “በዚህ ዕድሜሽ ወታደር ቤት ገባሽ?” ብላ ስትስቅብኝ ውላለች።

መሪያችን ወይዘሮ ፑዪን ትባላለች። ከትልቁ ደሴት መጥታ እዚህ ያገባች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሥራ ስታዝህ መርፌ እንደምትወጋ ነው፤ “ትንሽ ነው፣ አይሰማህም” ካለች በኋላ ወሩን ሙሉ ይሰማሃል። የፓርኩን ሃያኛ ዓመት ለምናከብርበት በዓል ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ለነፋስ አንበሳችን አዲስ ካባ መስፋት ነው። አንተ ጀርባው ላይ ወጥተህ የሰበርከው የድንጋይ ጆሮው ዛሬም እንደተሰበረ ነው። ከመንደሩ ሰሜን ጫፍ ቆሞ ነፋሱን በደረቱ ሲመልስልን ይኖራል፣ እኛ ደግሞ በዓመት አንዴ እናለብሰዋለን። ዘንድሮ ቀይ ሐር ገዝተንለታል፤ ከእኔ የሠርግ ልብስ ይበልጣል።

የበዓሉ ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ሐሳቡን ያመጣው አብሮ አደግህ፣ ገጣጣው አኩይ ነው። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ወጥቶ ከእኛው ጋር ሰደርያ ለብሷል። ስብሰባ ላይ ስለ ምሳው ብቻ የሚናገር ሰው፣ አንድ ቀን ብድግ አለና፣ “ባሕር ማዶ የሄዱት ልጆች ቤት ሁሉ ተቆልፎ ቆሟል። ለበዓሉ ምሽት በየቤቱ አንድ አንድ ፋኖስ እናብራ። እንግዶቹ በቅያሱ ሲያልፉ መንደሩ ሰው ያለበት ይምሰላቸው። እኛም አንድ ምሽት እንኳ እንየው” አለ። አኩይን ታውቀዋለህ፤ ቁም ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰው ይደነግጣል። ወይዘሮ ፑዪን መነጽሯን አውልቃ ጠራረገችና፣ “ይሁን፣ ፋኖሱን ግን አንተ ትሸከማለህ” አለችው። በዚሁ ጸደቀ።

ቤቶቹ ከመብራታቸው በፊት መጠረግ አለባቸው። ለጠራጊዎቹ የትኛው ቤት እንደሚከፈት እንዲታወቅ ወይዘሮ ፑዪን አኩይን በሮቹ ላይ በኖራ ምልክት አድርግ ብላ አዘዘችው። እሱ ግን፣ “ኖራ ዝናብ ያጥበዋል። ከአዲስ ዓመት የተረፈ ቀይ ወረቀት ቤቴ ሞልቷል፤ ቀይ ደግሞ መልካም ዕድል ነው” ብሎ የሩዝ ሙጫውን በባልዲ ይዞ ተነሳ። ጠዋት ላይ ቅያሳችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጠፈው፤ በየበሩ ላይ መዳፍ የምታክል ቀይ ወረቀት። በቅያሱ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ቤት የእኛ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ባለቤቶቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። ሰው ላለበት ቤት ምልክት ምን ያደርግለታል? የእኛን በር አልፎት ሄደ።

እዚህ ላይ ስትደርስ ነገሩ ገብቶህ ይሆናል። በሰው አገር ብዙ ዘመን ኖረህ ተረስቶህ ከሆነ ግን አያታችን የሞቱበትን ዕለት አስታውስ። አባባ ለአንተ ቀይ ወረቀት፣ ለእኔ የሙጫ ሳህን አስይዘው፣ የእኛ ሐዘን እንዳይጋባባቸው በጎረቤቶቻችን በር ሁሉ ላይ ለጥፉ ብለው ሰደዱን። ሰው የሞተበት ቤት ብቻ ነው ቀይ የማይለጠፍበት። አንተ ውሻዋ የነከሰህን የዚያችን አሮጊት በር ስትዘል፣ “ሞት ይግባባትና ውሻዋን ይብላው” ስትል፣ አባባ ከኋላ ደርሰው በጥፊ አጮሉህ። እያለቀስክ ተመልሰህ ለሷ ሁለት ለጠፍክላት። ያን ጊዜ ብንስቅም የነገሩን ክብደት ከዚያ ቀን ጀምሮ አንረሳውም ብዬ ነበር። ይኸው ግን፣ ግማሾቻችን እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ ሙጫ ይዘን የዞርን ሰዎች፣ አንዳችንም ልብ አላልንም። ሁላችንም የታየን የበዓል ቀይ ብቻ ነበር።

እኔ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ አዳራሹ ውስጥ ካባ ስሰፋ ነበርኩ። እማ እንደ ልማዷ ፀሐይ ልትሞቅ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። እኔ ለምሳ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ወንበሯ ላይ የለችም። ስገባ ከአያቶቻችን ጠረጴዛ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጸጉሯ የማትለያትን ያቺን ቀይ የጨርቅ አበባ አውጥታ ከጎኗ አኑራታለች። ጉትቻዋን አውልቃለች። ሽበቷን ለቃዋለች። እማን ጸጉሯን ፈትታ ያየኋት አባባ የሞቱ ቀን ብቻ ነው። ቀና ብላ አየችኝና፣ “መቼ ነው የሞተው?” አለችኝ።

“ማን እማ?” ስላት፣ “አትዋሺኝ። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ በሩን ሸፍኗል። እኔ እናቱ ልሁን የመጨረሻ የምሰማው?” አለች። ዘልዬ ወጣሁና ቅያሱን አየሁት። በግራ ቀይ፣ በቀኝ ቀይ፣ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ ቀይ፤ መሐል ላይ የእኛ በር ባዶውን። ፋኖሱ ሲመከርበት እዚያው ተቀምጬ እጄን ያወጣሁት እኔ፣ ሁሉን የማውቀው እኔ፣ ለአንድ አፍታ ሞተሃል ብዬ አመንኩ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ተነስቼ ስገባ እማ ወደ ክፍልህ ሄዳለች። እናቱን ቀድሞ የሚሄድን ልጅ የሬሳ ሣጥኑን እናቱ በበትር እንደምትመታ ታውቃለህ፤ ጥሏት መሄዱ በደል ነውና። የምትመታው ሣጥን የላትም። ምርኩዟን አንስታ አልጋህን መታችው፣ ልጅ ሆነህ የተኛህበትን ያን የእንጨት አልጋ። “ሳትነግረኝ! ሳትነግረኝ!” እያለች ትመታለች። ክንዷ ምን አቅም አለው? ድምፁ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከኋላ አቅፌ ያዝኳትና አብረን አለቀስን።

ጩኸታችንን ሰምቶ አኩይ የሙጫ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ባልዲውን ጥሎ እግሯ ሥር ተንበረከከና በደነቆረው ጆሮዋ ላይ፣ “እማማ፣ እኔ ነኝ! እኔ ደደቡ ነኝ የለጠፍኩት! ለጠራጊዎቹ ነው! ሰው የሌለበት ቤት እንዲለይ ብዬ ነው! ማንም አልሞተም!” እያለ ጮኸ። እማ ትንፋሿን ሰብስባ አየችውና፣ “አንተ ከድሮም ጥርስህ ነው ያደገው፣ ጭንቅላትህ እንዳለ ቀርቷል” አለችው። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሐል አኩይን መስደብ አልረሳችም። እሱም፣ “አዎ እማማ፣ ይሰድቡኝ፣ ይምቱኝ” እያለ ራሱን ወደ ምርኩዟ ያስጠጋል። ወይዘሮ ፑዪን እየሮጠች መጥታ ከበሩ እንደቆመች ግንባሯን መታች። “ስንት አስከሬን በእጄ ገንዣለሁ፣ ይሄ እንዴት አልታየኝም?” አለች። ያን ቀን የምታዝዘው ምንም መርፌ አልነበራትም።

እማን ውኃ አጠጥተን፣ ወንበሯ ላይ አስቀምጠን፣ በየተራ እየጮኽን ነገሩን አስረዳናት። ጨርሳ ሰማችን። ከዚያ፣ “እሺ፣ ወረቀቱ ስህተት ይሁን። ዝምታውስ? ዝምታውንም አኩይ ነው የለጠፈው?” አለች። “ከእናንተ መሐል ልጄ በሕይወት አለ ብሎ የሚምልልኝ አለ?” አለች። አኩይ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ወይዘሮ ፑዪን ወደ እኔ ዞረች። እማም ወደ እኔ ዞረች። ጋሼ፣ መማል አልቻልኩም። እህትህ ሆኜ፣ ከአንድ ማኅፀን ወጥቼ፣ አለ ብዬ መማል አቃተኝ።

አኩይ ይህን ሲያይ ከኪሱ ቀይ ወረቀት አውጥቶ በራችን ላይ ሊለጥፍ ሮጠ። እማ፣ “ተው!” ብላ ጮኸችበት። “ሳላውቅ በሬን ቀይ አላለብስም። ካለ ራሱ ያስለጥፈው። ከሌለም በሩ ልክ ነው” አለችው። ስለዚህ የቅያሱ በሮች ሁሉ ቀይ እንደለበሱ፣ የእኛው ባዶውን ነው። የሌሎቹን ልንገነጥል ስንልም ከለከለችን። “የእነዚያም ቤት እናት ነበረችው፤ ተዉት” አለች።

በማግስቱ ከታችኛው መንደር ነፍስ ጠሪውን ሽማግሌ አስጠራችና ቀን ቆረጠች። ቀኑ ከሁሉ የሚያጥርበት በዓል ዕለት፣ ዘመድ ሁሉ ለአያቶች መሥዋዕት ሲሰበሰብ፣ ያንን ሳጥን ውስጥ ያኖረችልህን ሰማያዊ ሸሚዝ በቀርከሃ ላይ አንጠልጥላ ባሕሩ ዳር ስምህን ልታስጠራ ነው። ከዚያ ወዲያ ስምህ ከአባባ ቀጥሎ የሟቾቻችን ስም ባለበት የእንጨት ጽላት ላይ ይጻፋል። የዚህን ትርጉም ለአንተ አልነግርህም። በየዓመቱ በልደትህ ቀን ለረጅም ዕድሜ የሚበላውን ያንን ረጅሙን ኑድል ቀቅላ፣ እንቁላል ጨምራበት፣ እዚያ ይብላልኝ ብላ ለአንተ ታቀርበው የነበረው ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሙታኑን ጽዋ ነው የምትቀዳልህ።

ለምን አትከለክያትም ትለኝ ይሆናል። ሞክሬያለሁ። እስከ አዲስ ዓመት እንጠብቅ እማ ብያት ነበር። የመለሰችልኝን ልንገርህ። “ሞቶ ከሆነ እኮ በሰው አገር ደጃፍ ቆሞ እየራበው ነው። የሚጠራው የለም፣ የሚያጎርሰው የለም። እኔ ደህና ነው እያልኩ ሆዴን ስሞላ እስከ መቼ ነው የማስጠብቀው?” አለችኝ።

የበዓሉ ዝግጅት ግን አልቆመም። ማኅበሩ ተሰብስቦ የእኛ ቅያስ ከእንግዶቹ ጉዞ ይቅር ወይ ብሎ ሲመክር እማ ሰምታ፣ “የኔን ልጅ ሐዘን ለሰው ልጅ መብራት ማጥፊያ አታድርጉት” ብላ ላከችብን። እናም ትናንት አመሻሽ ላይ ፋኖሶቹን ሞከርናቸው። አኩይ በዘይት ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ፤ የፓርኩ ሰዎች ቤቱ እንጨት ነው፣ እሳት አይገባም፣ በባትሪ ይሁን አሉ። ሲጨቃጨቁ የዘጠነኛዋ ጨረቃ ነፋስ ከሰሜን መጣና የአኩይን ፋኖስ እፍ ብሎ አጠፋው፤ ክርክሩም በዚያው ተዘጋ። አኩይ፣ “አንበሳውን አዲሱን ካባ ስላላለበሳችሁት ነው እኮ” ብሎ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣለ።

እማ በርጩማ አስወጥታ ደፋችን ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯን አልቋጠረችም። ማንም ሳይጠይቃት ቤቶቹን በጣቷ እያሳየች ትጠራቸው ጀመር። “ያ የሁዋት ቤት ነው። ወደ ሲንጋፖር ሄደ። እናቱ ዓይኗ እስኪከደን በሩን አልቀረቀረችም። ያኛው የመንትዮቹ ነው፤ በአንድ ጀልባ ሄደው አንዱ ብቻ ነው ደብዳቤ የጻፈው። ያ ዝቅ ያለው የኪያት ነው፤ ስኳር ድንች እየሰረቀ ያስቸግረኝ የነበረው” እያለች። ድምጿ ስለማይሰማት ትጮኻለች፤ ቅያሱ ሁሉ ይሰማታል። ፋኖስ የያዙት ሰዎች መጀመሪያ ቆመው አዳመጧት። ከዚያ ወይዘሮ ፑዪን ምንም ሳትናገር እማ ስሙን የጠራችው ቤት ገብታ አበራች። ሌሎቹም ተከተሉ። እሷ ስትጠራ እነሱ ሲያበሩ፣ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ መስኮቱ ሁሉ በራ። ከልጅነታችን ወዲህ ቅያሳችንን እንዲያ አይቼው አላውቅም። ሁሉን ጠርታ ስትጨርስ ዞር ብላ የእኛን ቤት አየችው። የአንተን ስም አልጠራችም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ፊት ለፊት ልበልህ። ሱቁ ከስሮብህ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ እጽፋለሁ ብለህ አፍረህ ከሆነ የተውከን፣ እዚህ ማንም የሱቅህን ወሬ አይጠይቅም። ዓሣ ብትሸጥ ዓሣ ሻጭ ወንድም አለኝ ብዬ በኩራት እናገራለሁ። ተቀይመኸን ከሆነም ቅያሜህን ጻፈው፤ ስድብም ቢሆን ጻፈው። አውቀህ ዝም ካልክ ግን ክፉ ሰው ነህ፤ ይህንንም የምልህ ወድጄህ ነው።

ከእኛ በኩል ሰላምታው እንዲህ ነው። ትልቁ ደሴት ላይ የምትሠራው ልጄ ሁይኪም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ለበዓሉ መጥታ እንግዳ ትመራለች። አኩይ እጅ ይነሳሃል፤ ያንን የማሽላ አረቄ ጠርሙስ እስክትመጣ ሳልከፍተው አኑሬዋለሁ በይልኝ ብሏል፤ ግማሹን መጠጣቱን ግን አይቻለሁ። ወይዘሮ ፑዪን ሳታውቅህ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላለች። አንተም በበኩልህ እትዬ ሊየንን በእኔ ስም ጉንጯን ሳምልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ የልጅ ልጅ ካለህም እሱን ደግመህ ሳምልኝ። የእማን ሰላምታ የምነግርህ በቃል አይደለም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፋ ታገኛታለህ።

ትናንት መብራቶቹ እንደበሩ እማ አኩይን ጠራችው። “ከዚያ ወረቀትህ የቀረ አለህ?” አለችው። አንድ አወጣላት። በመዳፏ አለስልሳ አለስልሳ ለእኔ ሰጠችኝና፣ “ጻፊለት። ይህንንም ጨምሪለት። ጽሑፍ አላነብም፣ የስልክ ድምፅም አልሰማም፤ ሰው ደግሞ አዝኖልኝ ይዋሸኛል። ግራ እጁን ቀለም ነክሮ እዚህ ላይ ያሳርፍልኝ። ያቺን ጣት የተቆረጠች ቀን እኔ ነኝ ያሰርኩለት፤ በእሷ ማንም አያታልለኝም” አለችኝ። ወረቀቷ ስትመለስ እማ ራሷ በእጇ በራችን ላይ ልትለጥፋት ነው። ቦታውን እንኳ በጥፍሯ ምልክት አድርጋበታለች። የአጭሩ ቀን በዓል ከመድረሱ በፊት ትድረስልን።

ይህን ደብዳቤ የከፈተው እጅ የወንድሜ እጅ ካልሆነ ግን፣ የከፈቱት ሰው ሆይ፣ እባክዎ ወረቀቱን ባዶውን አይመልሱብን። እዚያው ያስቀሩልን፤ እኛ ዝምታውን ለምደነዋል። ጋሼ፣ እጁ የአንተ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አትጠብቅ።

ታናሽ እህትህ፣ ሶክሁን

ሺበይ መንደር፣ ዘጠነኛዋ ጨረቃ በገባች በሦስተኛው ቀን